«ተቋማትን ማጠናከር» ከማለት ያለፈ ምክር እንዴት ይጻፋል? ተቋማዊ ኢኮኖሚክስን ሥራ ላይ ያዋላችሁ ወዲህ በሉኝ

ወረቀት_አርቃቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የፖሊሲ ሐሳብ ማርቀቅ ነው። ችግር ይመጣል፣ እኛ በሁለት ገጽ ምክር እናቀርባለን። ተማሪ ሳለሁ ከሁሉም አስበልጬ የወደድኩት ተቋማዊ ኢኮኖሚክስን ነበር፣ ሕግና ልማድ የሰዎችን የኢኮኖሚ ውሳኔ እንዴት እንደሚመሩ የሚያጠናውን። ኖርዝን፣ ኮዝን፣ ዊልያምሰንን፣ ኦስትሮምን አንብቤያለሁ። ዳግላስ ኖርዝ ተቋም የጨዋታው ሕግ ነው፣ ድርጅቶች ተጫዋቾቹ ናቸው ይላል። የተጻፈ ሕግ አለ፣ ያልተጻፈ ልማድ አለ፣ ማስፈጸሚያ አለ። ሦስቱ ካልገጠሙ ነገሩ አይሄድም። እዚህ ድረስ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ያ ሁሉ ንባብ እዚያ ሲደርስ «የተቋማትን አቅም ማጠናከር»፣ «የሕግ ማዕቀፉን ማሻሻል»፣ «የባለድርሻ አካላትን ቅንጅት ማሳደግ» ሆኖ ይወጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለትምህርትም ለጤናም ለመንገድም ብትለጥፉት ያስኬዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሌሎቹ ኢኮኖሚስት ባልደረቦቼ «ዋጋ ጨምሪ፣ ግብር ጣይ፣ ድጎማ አንሺ» ብለው በአንድ መስመር ይጨርሱታል፣ የእኛ ትምህርት ግን «እንደ ሁኔታው ነው» ላይ ይቆማል። ሰሚም ያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ ቀጥታ ነው። ይህን ትምህርት ይዛችሁ እውነተኛ ችግር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ሰኞ ጠዋት ወንበራችሁ ላይ ስትቀመጡ ማለቴ ነው። የንድፈ ሐሳብ ማብራሪያ አልፈልግም። የሠራ ወይም የከሸፈ ነገር ንገሩኝ። ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንደናገር።

ቦይ_ቆፋሪ

እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፣ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። ግን ጥያቄሽ የእኔም ጥያቄ ስለሆነ ልሞክር።

ኤሊኖር ኦስትሮምና ባልደረቦቿ ኔፓል ውስጥ ከ100 በላይ የመስኖ አውታሮችን አጥንተዋል። ከፊሎቹን ገበሬዎች ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው ያስተዳድሯቸዋል። የውሃ መጥለፊያቸው ድንጋይ፣ ጭቃና ቅርንጫፍ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ገበሬዎቹም እንደገና ይሠሩታል። ሌሎቹ ደግሞ መንግሥት በለጋሾች ገንዘብ ያስገነባቸው ናቸው። የኮንክሪት መጥለፊያ አላቸው፣ መሐንዲስ ሲያያቸው ደስ ይለዋል። ታዲያ በአማካይ የተሻለ ምርት የተገኘው ገበሬዎቹ በሚያስተዳድሯቸው ላይ ሆነ። ውሃው እስከ ቦዩ ጫፍ የመድረስ ዕድሉም እነሱ ጋ ነው የሚሰፋው።

ለምን? ቦዩ አናት ላይ ያለው ገበሬ ውሃውን መጀመሪያ ያገኛል። ከፈለገ ሁሉንም ይወስደዋል። ታች ያለው ሰው በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጉልበቱ። መጥለፊያው ሲፈርስ የላይኛው ብቻውን አያነሳውም፣ የታችኛው መጥቶ ድንጋይ ካልተሸከመለት የሁለቱም ማሳ ይደርቃል። ስለዚህ የታችኛው «ውሃ ካልደረሰኝ ለጥገና አልወጣም» ማለት ይችላል፣ የላይኛውም ይህን ስለሚያውቅ ድርሻውን ይለቅለታል። ኮንክሪቱ ሲመጣ የየዓመቱ ጥገና ቀረ። የታችኛው ሰው መደራደሪያም አብሮ ቀረ። ደንብ የሻረ የለም፣ ኮሚቴ የበተነ የለም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የላይኛው የታችኛውን አይፈልገውም።

እንግዲህ የእኔ የሰኞ ጠዋት ጥያቄ ይሄ ነው፦ እዚህ ቦታ ማን ማንን ይፈልጋል? እኔ ላሻሽለው የመጣሁት ነገርስ የትኛውን መፈላለግ ይበጥሳል? ኮንክሪት አይሠራ እያልኩ አይደለም። ይሠራ። ግን የታችኛው ገበሬ በጉልበቱ ምትክ ምን እንደሚይዝ አብሮ ይታሰብ። ለምሳሌ የውሃ መክፈቻውን ቁልፍ ማን ይይዛል? በስንት ፕሮጀክት ላይ የኮንክሪቱ ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፎ የቁልፉ ነገር አንድም ቦታ ሳይነሳ አይቻለሁ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ግሩም ምሳሌ ነው። ግን ኦስትሮምን የጠቀሰ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ «ማኅበረሰቡ ራሱ ይቆጣጠር» ይላል። ሁሌ ይሠራል እንዴ?

ቁጥር_ይናገር

አይሠራም። ኦስትሮም ራሷም ሁሌ ይሠራል አላለችም።

ቤንጃሚን ኦልከን የሚባል ኢኮኖሚስት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከ600 በሚበልጡ መንደሮች የመንገድ ሥራ ላይ ሙከራ አድርጎ በ2007 አሳትሟል። ለአንዳንዶቹ መንደሮች «ኦዲተር በርግጠኝነት ይመጣባችኋል» ተባሉ። በሌሎቹ ነዋሪው ስብሰባ እየወጣ ሥራውን የያዙትን እንዲጠይቅ ተጋበዘ። መንገዱ ሲያልቅ መሐንዲሶች እየቆፈሩ ናሙና አወጡ። ውስጡ ስንት ድንጋይና አሸዋ እንደገባ ለኩና ተገዛ ከተባለው ጋር አስተያዩት። ኦዲት እንደማይቀር ያወቁት ጋ የጠፋው ገንዘብ በ8 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ስብሰባው ግን በአማካይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ከኔፓሉ ጋር አይጋጭም። ጎረቤቴ ውሃ ሲሰርቀኝ የሚደርቀው የእኔ ማሳ ነው፣ ዛሬውኑ አያለሁ፣ ዛሬውኑ እጮሃለሁ። መንገድ ሥር የጎደለ ድንጋይ ግን አይታየኝም። ቢታየኝም ጉዳቱ ለመንደሩ ሁሉ ተካፍሎ ለእኔ የሚደርሰኝ ኢምንት ነው፣ ተናግሬ የምጣላው ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ «ማን ይቆጣጠር?» ከማለት በፊት «ጥፋቱ ለማን ነው በቀላሉ የሚታየው? ያየው ሰውስ ቢናገር ምን ይጠቀማል?» ብለሽ ጠይቂ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቶርበል የምትባል መንደር አለች፣ ኦስትሮም ከምታነሳቸው አንዷ ናት። ከ1517 የመጣ ደንብ ነበራቸው፦ ማንም በብርዱ ወራት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው የጋራ ግጦሽ መላክ አይችልም። እዩት እስቲ ብልሃቱን። ጋራው ላይ ማን ስንት ሣር እንዳስጋጠ ለመለካት አልተነሱም። እያንዳንዱ ቤት በጋጣው ስንት ላም እንዳከረመ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለመቆጣጠር የሚቀለውን ነገር መርጠው ደንቡን እሱ ላይ አሰሩት።

አንድ ልጨምርና ላቁም፣ ምክንያቱም «የእኛ ችግር ባህል ነው» የሚል ሰው ሳይመጣ አይቀርም። ኒው ዮርክ ያሉ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ያለመከሰስ መብት ስላላቸው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ባይከፍሉም የሚነካቸው አልነበረም። ሬይመንድ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚጌል መዝገቡን ሲመረምሩ ሙስና ከበዛባቸው አገሮች የመጡት ብዙ ያልተከፈለ ቅጣት አከማችተው አገኙ። እዚህ ላይ ቢያቆሙት ባህል ነው ያስብላል። ግን በ2002 ከተማው የማይከፍሉትን ሰሌዳ የመንጠቅ ሥልጣን አገኘ። ጥሰቱ ወዲያው ከ98 በመቶ በላይ ወረደ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። ልማድ ይመዝናል፣ አልክድም፣ ግን ቅጣቱ እውነት ሲሆን ምን ያህል ቶሎ እንደሚታጠፍም አብረን እንይ።

ሕግ_በተግባር

በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ «የሕግ ማዕቀፉን ማሻሻል» የምትለዋ ሐረግ ስታመኝ ነው የኖርኩት። እህቴ፣ አዲስ አዋጅ ይውጣ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ያለውን አዋጅ ያዢና አንድ ፋይል ተከተዪ። አንድ ብቻ። የተበደለ ሰው መጀመሪያ የት ይሄዳል? ማመልከቻውን ማን ይቀበለዋል? የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል ወይስ «ነገ ተመለስ» ይባላል? ለመመላለሻ ስንት ያወጣል? የሚፈርመው ኃላፊ ቢፈርም ከማን ይጣላል፣ ባይፈርምስ ማን ይጠይቀዋል? ቅጣቱ ተወሰነ እንበል፣ ገንዘቡን ከሰውየው ኪስ የሚያወጣው ማን ነው? ያ ፋይል የቆመበት ቦታ ላይ ነው ችግርሽ ያለው። ኮዝና ዊልያምሰን የግብይት ወጪ ሲሉ የሚያወሩት ስለዚህ ነው፦ ስለማፈላለጉ፣ ስለመደራደሩ፣ ስለመከታተሉ፣ ስለማስፈጸሙ። ረቂቅ ነገር አይደለም፣ ጫማ የሚጨርስ ነገር ነው።

ማት አንድሪውስ፣ ላንት ፕሪቸትና ማይክል ዉልኮክ ለዓመታት ሲያሳዩት የነበረ አንድ ነገር አለ። መንግሥታት ሌላ ቦታ የተሳካ መሥሪያ ቤትን መልክ ይቀዳሉ። ስሙን፣ መዋቅሩን፣ ሕጉን፣ ድረ ገጹን። ሥራው ግን አብሮ አይመጣም። መልኩ ራሱ ብድርና ምስጋና ስለሚያስገኝ እዚያው ላይ ይቆማል። ለውጥ ያለ ይመስላል፣ እውነተኛውን ለውጥ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ «ይኸው አቋቁመናል» ይባላል። ይሄ ከምንም አለመሥራት ይብሳል ባይ ነኝ።

ወረቀት_አርቃቂ

አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። እንግዲያው አሁን እጄ ላይ ያለውን ላውጣው። ቦታውን አልጠቅስም።

ጉዳዩ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ እርሻዎች፣ ፋብሪካዎችና የከተማ ውሃ አገልግሎቶች ጉድጓድ እየቆፈሩ በፓምፕ ይስባሉ። የውሃው ወለል በየዓመቱ ይወርዳል። ማን ስንት እንደሚስብ የሚያውቅ የለም። ጉድጓድ ያለፈቃድ መቆፈር የሚከለክል ሕግ አለ፣ ግን ያለፈቃድ የተቆፈረው ብዙ ነው። እያንዳንዱ «እኔ ብቆጥብ ሌላው ይስበዋል» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ በኪዩቢክ ሜትር ዋጋ መጣል ነው፣ ሌላው ፈቃድ የሌላቸውን ጉድጓዶች መድፈን። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያምራሉ። ቆጣሪ የለም፣ ለመድፈን የሚደፍር ኃላፊም የለም።

ሕግ_በተግባር

አሁን ጥሩ ጥያቄ መጣ። ኦስትሮም ለዶክትሬቷ ያጠናችው ራሱ ይህንኑ ነው። 1965 ላይ ነው የጨረሰችው፣ ዌስት ቤዝን ስለሚባለው የሎስ አንጀለስ የከርሰ ምድር ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከባሕር ዳር ባለው ሜዳ ሥር የጋራ ውሃ አለ። ከተሞች፣ የውሃ ኩባንያዎች፣ ነዳጅ ማጣሪያዎች ይስባሉ። ወለሉ ከባሕር በታች ሲወርድ ጨዋማው ውሃ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፣ ባሕሩ አጠገብ ያሉት ጉድጓዶች ተበላሹ። ሕጉ ጭራሽ አባባሰው። አንድ ሰው ለዓመታት በተከታታይ የሳበው መጠን መብቱን ያጠናክርለታል፣ የቀነሰ ሰው መብቱን ያጣል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁሉም ለነገ ክርክር ሲል ዛሬ አብልጦ ይስባል። አንቺ ጋም እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን ፈትሺ። ያለው ሕግ ራሱ መቆጠብን ይቀጣ ይሆናል።

በ1945 ክስ ተከፈተ። ልብ በይ፣ ክሱ የተከፈተው አንዱ ሌላውን አሸንፎ ውሃውን እንዲወስድ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ አጣሪ ሾመ፣ አጣሪው የክልሉ የውሃ መሥሪያ ቤት ነበር። ማን ስንት እንደሚስብ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቢሳብ እንደማይጎዳ አጠና። ዓመታት ፈጀ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም የሚቀበለው አንድ ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ከዚያ በፊት ድርድር ቢጀመር እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ስምምነት አረቀቁ፣ ሁሉም ከሚስበው ላይ በመጠን እንዲቀንስ። እዚህች ላይ ነው ብልሃቱ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው 80 በመቶ የሚሆነውን መብት የያዙት ከፈረሙ ብቻ ነው ተባለ። «እኔ ብቆጥብ ሌላው ይስበዋል» ላለው ሰው መልሱ ይሄ ነው፦ ሌላው ካልቆጠበ አንተም አትገደድም። መፈረም ሞኝነት መሆኑ ቀረ። ሆቶርን የምትባል ከተማ አልፈርምም ብላ እስከ መጨረሻው ተሟገተች፣ ስምምነቱ ግን ያለ እሷም ሄደ። የመጨረሻው ፍርድ በ1961 ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የውሃ ተቆጣጣሪ ተሹሞ የእያንዳንዱን የዓመት ፍጆታ በስም እያተመ ለሁሉም ይልካል። ጎረቤት የጎረቤቱን ቁጥር ያነባል። መብቱም ሊሸጥ ሊከራይ የሚችል ሆነ።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። ሰዎቹ ለመቀነስ እሺ ያሉት ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ሌላ ውሃ መግዛት ስለቻሉ ጭምር ነው። ውድ ነበር፣ ግን ነበር። አማራጭ የሌለውን ሰው ቀንስ ብትዪው ስምምነትሽ የትም አይደርስም።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ኃይል።

የዌስት ቤዝን ሰዎች ኩባንያና ከተማ ነበሩ፣ ጠበቃ ነበራቸው፣ የሚያከብሩት ፍርድ ቤት ነበራቸው። ያለፈቃድ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የማን ናቸው? የትንንሽ ገበሬዎች ብቻ ከሆኑ «መድፈን» የሚለው ሐሳብ ነገ ይፈጸማል፣ ግፍም ይሆናል። የትልልቆቹም ከሆኑ ማንም አይደፍናቸውም። ተቋም የሚቀየረው ጥሩ ሐሳብ ስለተገኘ አይደለም። ባለበት እንዲቆይ የሚፈልገው ሰው ወይ ሲሸነፍ ወይ ሲካስ ነው።

አይስላንድን ተመልከቱ። ዓሣው እያለቀ ሲመጣ በ1984 ኮታ፣ ማለት ለየጀልባው የተወሰነ የማጥመድ ድርሻ፣ አስገቡ፣ በ1990 ሕግ ደግሞ አጸኑትና የሚሸጥ የሚለወጥ አደረጉት። ኮታው የተሰጠው በነፃ ነው፣ ከ1981 እስከ 1983 ባጠመዱት መጠን። የጀልባ ባለቤቶቹ ለምን ተቃውሞ አላነሱም? ሀብት ስለተሰጣቸው። ዓሣው መጠበቁ አይካድም፣ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው የሚገባ ወጣት መብቱን ከእነሱ መግዛት አለበት። እስከ ዛሬ የሚያጨቃጭቃቸው ይኸው ነው። መብቱን በዛሬ ተጠቃሚነት ልክ ካደልሽ ለውጡ ያልፋል፣ ግን አብልጦ ለሳበው እየሸለምሽ ነው። በሌላ መንገድ ካደልሽ ፍትሐዊ ነው፣ ግን ላያልፍ ይችላል። ይህን ምርጫ በግልጽ ያልጻፈ ወረቀት ዋናውን ነገር ደብቋል።

ሆንግ ኮንግም አለ። ፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1974 ሲቋቋም ሁሉም የሚያወራው ነፃነቱን ነው፣ ከፖሊስ ተነጥሎ በቀጥታ ለእንግሊዙ አገረ ገዢ ተጠሪ ነበር። በ1977 ፖሊሶቹ አምፀው የኮሚሽኑን ቢሮ ጥሰው ገቡ። ገዢው ምን አደረገ? ከጥር 1 ቀን 1977 በፊት ለተሠራ ጥፋት፣ አስቀድሞ ምርመራ ከተከፈተባቸው በቀር፣ ምሕረት ሰጠ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ነበር ያየው። ኮሚሽኑ ግን ተረፈ፣ ከዚያ በኋላም ጠነከረ። ያለፈውን ሁሉ እቀጣለሁ ብሎ ቢገፋ ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚቀር አይመስለኝም።

ሕግ_በተግባር

ስለ ኃይል ያልከው ልክ ነው፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ምሕረት መስጠት አንድ ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛ ከተሰጠ ሁሉም ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ ጉድጓድ ቆፋሪውም «ቆፍር፣ በኋላ ሕጋዊ ያደርጉታል» ይላል። ብዙ ቦታ የሆነው እንዲህ ነው። ቀነ ገደብ ካስቀመጥሽ ከቀነ ገደቡ በኋላ የተቆፈረ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የሚደርሰውን ሁሉም ያያል። እሱ የትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያያሉ።

ተጠራጣሪው

በዚህማ እስማማለሁ። ለዚህ ነው ቀነ ገደቡን ከማወጅ በፊት የመጀመሪያውን ጉድጓድ የመድፈን አቅም መኖሩን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው። አቅሙ ከሌለ ቀኑን አታውጂው።

ገና_ተማሪ

ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ኮዝ መብቱን ለይታችሁ ስጡ፣ ከዚያ ሰዎች ተደራድረው ይጨርሱታል ነው አይደል ያለው? ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ቁጥር_ይናገር

የ1960ውን ጽሑፍ ሙሉውን አንብበው። መደራደር ወጪ ባይኖረው ኖሮ መብቱ ለማንም ቢሰጥ ውጤቱ አንድ ይሆን ነበር አለ፣ ከዚያ የቀረውን ገጽ በሙሉ መደራደር ወጪ ስላለው ሕጉ ለማን እንደሚያደላ ትልቅ ነገር ነው ለማለት ተጠቀመበት። ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሮጡ።

መብት ማደል ከመለኪያው ጋር ካልመጣ ምን እንደሚሆን በሁለት ገበያ አወዳድር። አሜሪካ በ1990 የአየር ሕጓን አሻሽላ ከኃይል ማመንጫዎች ለሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለሚባል በካይ ጋዝ የሚሸጥ የመልቀቂያ ፈቃድ አወጣች፣ ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጭስ ማውጫው ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። ያለፈቃድ ለተለቀቀ እያንዳንዱ ቶን የቅጣት መነሻው 2,000 ዶላር ሆነ፣ ያኔ ከፈቃዱ የገበያ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ። ስለዚህ ማጭበርበር አዋጪ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ልቀት ፈቃድ ገበያ ደግሞ በ2005 ሲጀመር ፋብሪካዎቹ በእውነት ስንት እንደሚለቁ አስተማማኝ መረጃ ሳይኖር ፈቃድ ታደለ። ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2007 የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ዋጋው ወደ ዜሮ ተጠግቶ ነበር። ሐሳቡ አንድ ነው፣ መለኪያው ነው የለያያቸው።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ኮዝ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ በጨረታ ይሸጥ ብሎ የጻፈው በ1959 ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን ጨረታ ያካሄደችው በ1994። መሐል ላይ በዕጣ እስከማደል ደርሰው ነበር።

ወረቀት_አርቃቂ

እሺ፣ ወረቀቱን እንደገና እያረቀቅኩት ነው። «የሕግ ማዕቀፍ» የሚለው ወጥቷል። የመጀመሪያው ገጽ አሁን ማን ስንት እንደሚስብ የሚያጠናው ማን ነው፣ ሁሉም የሚያምኑት ማን ነው፣ ወጪውን ማን ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የ80 በመቶውን ዓይነት ሐሳብ አስገብቻለሁ፣ ቁጥሩ ሌላ ቢሆንም። መብቱ በምን ይታደል ለሚለው ሁለቱን ምርጫ ከነተጎጂዎቻቸው በግልጽ አስቀምጫለሁ፣ ምርጫው የፖለቲካ ስለሆነ እኔ አልደብቀውም። አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚል አንድም መስመር የለም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ቆጣሪ። በሺህ የሚቆጠር ጉድጓድ ላይ ቆጣሪ ተክሎ በየወሩ ማንበብ አይታሰብም። ቢተከልም ይሰበራል፣ አንባቢውም ይሸነገላል። ምን ታስባላችሁ?

ቦይ_ቆፋሪ

ጉድጓዱን ለመለካት አትነሺ። ፓምፖቹ በምን ይሠራሉ? በመብራት ከሆነ ሁሉም የሚያልፍበት፣ ለመቆጣጠር የሚቀለው ጠባብ በር እዚያ ነው።

ሕንድ ውስጥ ጉጃራት ያደረገው ይህንን ነው። ለእርሻ የሚሰጠው መብራት በአብዛኛው ያለ ቆጣሪ፣ በጥቅል ክፍያ ስለነበር መሳብ ሳያባራ ቀጠለ። ዋጋ ለመጨመር ሲሞከር ገበሬው ይነሳል፣ ፖለቲከኛው ያፈገፍጋል። በ2003 ጂዮቲግራም በሚባል ፕሮግራም የእርሻውን የመብራት መስመር ከቤትና ከሱቅ መስመር ለዩት። ለቤቶቹ ሙሉ ቀን መብራት ሰጡ። ለእርሻው ደግሞ በቀን 8 ሰዓት፣ ግን የማይቆራረጥ፣ ኃይሉ የማይወርድ፣ ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ። የመንደሩ ሰው መብራት ስላገኘ ደገፈው። ገበሬውም ሰዓቱ ቢያጥርም ሞተር የሚያቃጥለው የሚወርድ የሚወጣ ኃይል ስለቀረለት ተቀበለው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሰው ሳይላክ የሚሳበው ከምንጩ ተገደበ።

ጉድለት አለው። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው፣ ትልቅ ፓምፕ ያለው በ8 ሰዓት ብዙ ይስባል። የራሱ ጉድጓድ የሌለው፣ ከጎረቤት ውሃ እየገዛ ያርስ የነበረው ደሃ ደግሞ ሻጩ የሚተርፈው ሲያጣ ተጎድቷል። እሱን በወረቀትሽ ላይ በስሙ ጥሪው፣ ካልሆነ ማንም አያነሳውም። ናፍጣና የፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ ካሉም ይህ መንገድ አይይዛቸውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በምን እንደሚስቡ ቁጠሪ። ትልልቆቹን፣ ማለት ፋብሪካዎቹንና የከተማ ውሃ አገልግሎቶቹን፣ በቆጣሪ ያዢ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ አድራሻቸው ይታወቃል፣ ከሚሳበው ውሃ የእነሱ ድርሻ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ንባባቸው በየዓመቱ በስም ይታተም። ትንንሾቹ ትልልቆቹ ሲለኩ ካላዩ እነሱን ለመለካት የሚላከውን ሰው ደጃፋቸው አያስገቡትም።

ወረቀት_አርቃቂ

በመብራትም በናፍጣም ነው የሚስቡት፣ ምጣኔውን ግን እስከ አሁን የጠየቀ የለም። የመብራት መሥሪያ ቤቱ የደንበኞች መዝገብ ላይ የፓምፕ መስመሮች ለብቻ መመዝገባቸውን ነገ ሄጄ አጣራለሁ። ካገኘሁት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።